ኮቺን ለማየት ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮቺ በደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ አረብ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። የድሮ ስሟ ኮቺን ነው፤ ዛሬም ሰው በሁለቱም ይጠራታል። ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ የምጠየቀው ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ላይ ጻፍኩት። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

ህንድ ከተባለ ታጅ ማሃል አይቀድምም? ኮቺ ምን አላት?

ታጅ ማሃልን ለማየት ወደ ሰሜን ነው የሚኬደው፤ መንገዱም ሌላ፣ ጉዞውም ሌላ ነው። ኮቺ ውስጥ አፍ የሚያስከፍት አንድ ትልቅ ሕንፃ የለም። ያለው ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ በእግር የሚደረስ ነው። ፖርቱጋሎች የሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ የደቾች (የሆላንድ ሰዎች) መቃብር፣ የቻይና የሚባል የዓሣ መረብ፣ የአይሁድ ምኩራብ፣ መስጊድ፣ ጃይን የሚባለው የህንድ ሃይማኖት መቅደስ። ይህን ሁሉ ሕዝብ እዚህ የጎተተው ቁንዶ በርበሬ ነው።

ወደቡ ራሱ የጎርፍ ልጅ ነው። በ1341 የፔሪያር ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቀየረ። ከኮቺ በስተሰሜን የነበረው ጥንታዊው ወደብ ሙዚሪስ ተዳከመ፣ ኮቺ ላይ አዲስ የባሕር በር ተከፈተ። ሙዚሪስ ማለት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክ የመርከበኞች መመሪያ ከእኛው አዱሊስ ጋር የሚጠቅሰው ወደብ ነው። የአክሱምና የኬረላ ሰዎች የአንድ ንግድ መስመር ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ነው።

መቼ ልሂድ?

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። አየሩ ያኔ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ይቻላል። ሚያዝያ ላይ ወበቁ ያፍናል። ክረምታቸው ከእኛው ጋር አብሮ ነው የሚገባው፤ በግንቦት መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘንባል። ዝናቡ ግን የአዲስ አበባ ዓይነት አይደለም፤ ሞቅ ያለና ሰማይ የተቀደደ የሚመስል ነው። ዣንጥላ ብዙም አያድንም።

ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የምትወዱ ከሆነ በየሁለት ዓመቱ ታኅሣሥ ላይ የሚከፈተውን የኮቺ ሙዚሪስ ቢያናሌ ጠብቃችሁ ሂዱ። ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። የድሮ የቅመም መጋዘኖች ለወራት የሥዕል አዳራሽ ይሆናሉ። መጋዘኖቹ ብቻቸውን ለማየት ይበቃሉ።

ቪዛና ክትባትስ?

ቪዛው እንደያዛችሁት ፓስፖርት ይለያያል። በኢንተርኔት የምታመለክቱ ከሆነ የህንድ መንግሥት የራሱ ድረ ገጽ መሆኑን አረጋግጡ። መንግሥታዊ መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ሞልተዋል።

ክትባቱ ላይ ግን አትቀልዱ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ መያዝ አለበት። ክትባቱን ህንድ ከመግባታችሁ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መውሰድ አለባችሁ። ካርድ የሌለውን ሰው እስከ 6 ቀን ለብቻው ሊያቆዩት ይችላሉ። አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ቢጫ ካርድ ፈልጉት። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የምትሄዱም በመንገዳችሁ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቃችሁ የምታልፉ ከሆነ ሕጉ እናንተንም ይመለከታል።

እንዴት ነው የሚደረሰው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሙምባይ ወይም ዴልሂ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ኮቺ። ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ጅዳ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። የኬረላ ሰው ለሥራ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ሞልቷል፤ በረራውም በዚያው ልክ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የምታዩት ካርቶን፣ ብርድ ልብስና የተጠፈረ ሻንጣ የቦሌን ሰልፍ ያስታውሳችኋል።

አውሮፕላን ማረፊያው ከድሮው ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው። ታክሲ ስትይዙ ዋጋ አስቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ ጋ ሂዱ።

የት ልረፍ?

ፎርት ኮቺ፣ ድሮው ከተማ ውስጥ። ኤርናኩላም የሚባለው አዲሱ ከተማ ሆቴልም ገበያም አለው፤ ግን መኪናና ጥሩምባ ነው። ፎርት ኮቺ ውስጥ ቤተሰብ የሚያከራየው ክፍል በሽ ነው። ጠዋት ግቢ እየጠረጉ «ቁርስ በላሽ?» የሚሉ እናት ያሉበት ቤት ከሆቴል ይሻላል።

ከተማው ውስጥ በምን ልንቀሳቀስ?

በእግር፣ በጀልባና በባጃጅ። እነሱ «ኦቶ» ይሉታል። ባጃጅ የኩባንያው ስም እንደሆነ እያወቅኩም ከአፌ አልጠፋ ብሎኝ ሾፌሮቹን አስቄያለሁ። ዋጋውን ሳትስማሙ እግራችሁን አታስገቡ። ሾፌሩ «በጣም በርካሽ ከተማውን ላዙራችሁ» ካለ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። እኔን አንዱ በትንሽ ብር ይዞኝ ወጥቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት የምንጣፍና የቅመም ሱቅ አስገባኝ። ሱቆቹ ለሾፌሩ ኮሚሽን ይከፍላሉ። «አንድ ብቻ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» እያለ ነበር የሚለምነኝ።

ጀልባውን ግን አትለፉት። መንግሥት የሚያንቀሳቅሳቸው የድሮ ጀልባዎች ኤርናኩላምንና ፎርት ኮቺን ያገናኛሉ፤ ክፍያው እዚህ ግባ አይባልም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ «ዋተር ሜትሮ» የሚሉት አለ። ንጹሕ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ እንደ ባቡር ትኬት የሚቆረጥበት ጀልባ ነው። ደሴቶቹ ላይ ያሉ ሰዎች ሥራ የሚገቡበት ስለሆነ ጠዋትና ማታ ይጨናነቃል።

እነዚያ ትልልቅ መረቦች እውነት የቻይና ናቸው?

አገሬው «ቺና ቫላ» ይላቸዋል፣ የቻይና መረብ ማለት ነው። ማን እንዳመጣቸው ግን ሁለት ወሬ አለ። አንዱ የቻይና ነጋዴዎች በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ አመጧቸው ይላል። ሌላው ፖርቱጋሎች ቻይና ውስጥ ከያዟት ወደብ ከማካዎ አምጥተው ነው ይላል።

አሠራራቸው ደስ ይላል። ረጃጅም እንጨቶች እንደ ክንፍ ተዘርግተው መረቡን ይይዛሉ። በሌላው ጫፍ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ሚዛኑን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው እንጨቱ ላይ ሲራመድ መረቡ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ቆይተው አራት አምስት ሰዎች እየዘመሩ ገመዱን ይስባሉ። አንዳንዴ ጥቂት ዓሣ፣ አንዳንዴ ፌስታል ይወጣል። ዓሣ አጥማጆቹ «ኑ አብራችሁ ሳቡ» ይሏችኋል። ግብዣው በነፃ አይደለም፤ ትንሽ ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። እነሱም ከዓሣው የሚያገኙት እየቀነሰ ስለሄደ አልፈርድባቸውም።

የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር እዚያ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ነበር። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ኮቺ ውስጥ ሞቶ ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አፅሙ በ1539 ወደ ፖርቱጋል ተወስዷል። አሁን የምታዩት ወለሉ ላይ በአጥር የተከበበ ድንጋይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፖርቱጋሎች ሲሠሩት የካቶሊክ ነበር፤ ደቾች ኮቺን በ1663 ሲይዙ የፕሮቴስታንት ሆነ፤ እንግሊዞች በ1795 ከመጡ በኋላ ደግሞ ወደ አንግሊካን ዞረ። ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን የጨርቅ ማራገቢያዎች እዩ። ድሮ ውጭ የቆመ ሰው ነበር በገመድ እየሳበ የሚያራግባቸው።

ድንጋዩ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለ ልጁ ነው። በትምህርት ቤት ታሪክ ያነበብነው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ፣ በ1541 400 ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከግራኝ አሕመድ ጋር የተዋጋው፣ የዚህ ሰው ልጅ ነው። የመጣውም ከሊዝበን ሳይሆን ከህንድ ነው፤ ወንድሙ እስቴቫዎ ያኔ ህንድ ላይ የፖርቱጋል ገዥ ነበር። በ1542 እኛው አገር ተማርኮ ተገደለ። አባት ኮቺ፣ ልጅ ኢትዮጵያ።

ምኩራቡን ማየት ይቻላል? ሰው አለበት?

ይቻላል። ማታንቼሪ በሚባለው ሰፈር፣ «የአይሁድ ከተማ» ከሚሉት መንገድ ጫፍ ላይ ነው። በ1568 የተሠራ ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ወለሉ ከቻይና የመጣ ነጭና ሰማያዊ ሸክላ ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ የተሣለ። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ይላሉ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሁለት ተመሳሳይ ስፈልግ ጠባቂው ሳቀብኝ። በላይ በኩል የቤልጅየም የመስታወት መብራቶች ተንጠልጥለዋል።

ከንብረቶቹ መካከል ደግሞ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስጦታ የተሰጠ ነው የሚባል ምንጣፍ አለ። አስጎብኚው ራሱ ላይነግራችሁ ስለሚችል ጠይቁ።

ሰዎቹ ግን የሉም ማለት ይቻላል። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ በተለይ በ1950ዎቹ አብዛኞቹ ሄዱ። ኔጌቭ ውስጥ ኔቫቲም የሚባለውን መንደር የሚያውቁ የእስራኤል ነዋሪዎች እዚያ የሰፈሩት የኮቺ አይሁዶች መሆናቸውን ያውቃሉ። ሱቆቹ ላይ የዕብራይስጥ ስሞች ቀርተዋል። ሻጮቹ በአብዛኛው ከካሽሚር የመጡ ሙስሊሞች ናቸው።

ቀን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ምኩራቡ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ዓርብ ከሰዓትም እንደዚያው። አጠገቡ ያለው፣ ራማያና የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ ታሪክ በግድግዳው ላይ የተሣለበት የማታንቼሪ ቤተ መንግሥት ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። «የደቾች ቤተ መንግሥት» ይሉታል እንጂ በ1555 አካባቢ ሠርተው ለኮቺ ንጉሥ የሰጡት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ደቾች አደሱት።

ኦርቶዶክስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን አገኛለሁ?

ታገኛላችሁ፣ በጣም። የኬረላ ክርስቲያኖች ቅዱስ ቶማስ በ52 ዓ.ም. መጥቶ እንዳጠመቃቸው ያምናሉ። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ናት። በ1965 አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጠሩት የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉባኤ ላይ ከግብጹ፣ ከሶርያውና ከአርመኑ ጋር የህንዱ ተወካይም ነበር። ቅዳሴው በአገሬው ቋንቋ በማላያላም ነው፣ ሱርስትም ይገባበታል። ኬረላ ውስጥ ሌሎች የሶርያ ሥርዓት የሚከተሉ ቤተ ክርስቲያናትም ስላሉ ከመግባታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ለመቁረብ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ቄሱን አነጋግሩ።

ማታንቼሪ ውስጥ ቱሪስት ብዙም የማይደርስበት ቦታ አለ፤ የኩናን መስቀል። «ኩናን» ዘንበል ያለ ማለት ነው። ፖርቱጋሎችና የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት የአገሬውን ክርስቲያኖች ወደ ሮም ሥርዓት ለማስገባት ሲጫኑ ቆዩ። ከሶርያ የመጣላቸውን አንድ ጳጳስም ፖርቱጋሎች ያዙባቸው፤ ባሕር ውስጥ ጣሉት የሚል ወሬ ተነዛ። ጥር 3 ቀን 1653 ሕዝቡ ተሰብስቦ «ከእንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች አንገዛም» ብሎ ማለ። መስቀሉን ሁሉም መንካት ስላልቻለ ገመድ አስረው ገመዱን ይዘው ማሉ ይባላል።

ይህን ስሰማ የታወሰኝ አፄ ሱስንዮስና አፄ ፋሲለደስ ናቸው። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፤ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው ኮቺዎች ገመዱን የያዙት። የሁለቱም ሕዝብ ጠብ ከአንድ ማኅበር ጋር ነበር።

አንድ ሰው ልጨምር። ከኮቺ አጠገብ ትሪፑኒቱራ በምትባል ከተማ በ1922 የተወለዱት ፓውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ በ1947 አስተማሪ ሆነው ኢትዮጵያ መጡ፣ አማርኛ ተማሩ፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ ረዳት ሆነው ሠሩ። በመጨረሻ ጳጳስ ሆነዋል። ንጉሠ ነገሥቱም በ1956 ህንድን ሲጎበኙ ኮታያም ያለውን የቤተ ክርስቲያኗን ሴሚናሪ አይተዋል። ኮታያም ከኮቺ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባቡር ደርሶ መልስ ይቻላል።

ካፒሪ የሚባለው መንፈስ ምንድን ነው?

ማታንቼሪ ውስጥ መንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ አለች። ጧፍ ይበራባታል። ሰው ሲጋራ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አረቄ ያስቀምጣል። ይህ ለካፒሪ ሙታፓን ነው። ካፒሪ ፖርቱጋሎች ከአፍሪካ በባርነት ያመጧቸው ጥቁሮች ስም ነው። እንደ አፈ ታሪኩ ደቾች ከተማዋን ሲይዙ የሚሸሹት ፖርቱጋሎች ሀብታቸውን ቀበሩ፤ መንፈሳቸው ሀብቱን ይጠብቅ ብለውም ባሪያዎቹን ገድለው አብረው ቀበሯቸው። ሰፈሩ ግን ካፒሪን አይፈራውም። የጠፋ ዕቃ ያገኛል፣ ማታ መንገድ የጠፋበትን ሰው ይመራል፣ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ያጨሳል ይላሉ።

ስማቸውን የጻፈላቸው የለም። ሻማ የሚያበራላቸው ሰው ግን ዛሬም አለ። እኔ ከኮቺ ሁሉ ረጅም ጊዜ የቆምኩት እዚህ ነው።

ጥቁር በመሆኔ ያፈጡብኛል?

አዎ፣ ያያሉ። በእኔ ላይ ከማየት ያለፈ ነገር አልገጠመኝም። አንዳንዱ ደግሞ የአገሩ ሰው መስያቸው በማላያላም ይጀምርልኝ ነበር። «ኢትዮጵያ» ስትሉ በዕድሜ ከገፉት መካከል «አጎቴ እዚያ አስተማሪ ነበር» የሚል አይጠፋም። የሂሳብ አስተማሪያችሁ ህንዳዊ ከነበረ ምናልባት የኬረላ ሰው ነው።

ሴት ልጅ ብቻዋን መሄድ ትችላለች?

ትችላለች። ፎርት ኮቺ ውስጥ ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ስለሚል ያኔ በእግር አትሂዱ።

ቋንቋስ?

ማላያላም። ከሂንዲ ፊልም የለቀማችኋት ቃል እዚህ ብዙም አትረዳም። እንግሊዝኛ ይበቃል። ወንዱን «ቼታ»፣ ሴቷን «ቼቺ» በሉ፤ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እንደ ጋሼና እትዬ። ፊታቸው ወዲያው ይፈታል።

ምግቡ ይስማማናል? ጾም ላይ ብሆንስ?

በርበሬ ለለመደ ሰው ችግር የለም። መጀመሪያ አፓም ብሉ። የሩዝ ሊጥ ሌሊቱን ተቦክቶ ያድራል፤ ጠዋት በጎድጓዳ መጥበሻ ይጋገራል። ዳሩ ስስ ነው፣ መሃሉ እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ቀኝ እጅ ብቻ ነው የሚበላበት፤ ሹካ አትጠይቁ። ሳድያ የሚባለው የበዓል ምግብ በሙዝ ቅጠል ላይ ነው የሚቀርበው፤ ከሃያ በላይ ዓይነት ትንንሽ ወጥ ሊደረደርበት ይችላል።

ለጾመኛ የኮኮናት ዘይትና የኮኮናት ወተት ትልቅ ነገር ነው። ግን «ቬጅ» ማለት የጾም ማለት አይደለም። እርጎ፣ ቅቤና ወተት ይገባበታል። «ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እርጎ» ብላችሁ ዘርዝሩ። ዓሣ የምትበሉ ደግሞ ካሪሚን የሚባለውን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጠበስ ዓሣ ሞክሩ። በነገራችን ላይ «ሆቴል» የሚል ታፔላ ካያችሁ ምግብ ቤት ነው፤ አልጋ ላይኖረው ይችላል። ይህን እንኳን እኛ እናውቀዋለን።

ቡናውን በተመለከተ ተስፋ አታድርጉ። በወተት የተጥለቀለቀ ነው። ሻያቸውን ጠጡ።

ቅመም ልግዛ?

ግዙ፣ ግን ምኩራቡ አጠገብ ካሉት የቱሪስት ሱቆች አይደለም። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጆንያ የሚራገፍበት ማታንቼሪ ገበያ ግቡ። ቁንዶ በርበሬው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሳይፈጭ ውሰዱ። ሄልም ጥሩ ነው። ኮረሪማ አትፈልጉ፣ የእኛ ነው። የጥምዝ ዘመድ የሆነውን ረጅሙን በርበሬ ግን «ቲፓሊ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ምን እንደምታደርጉበት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ለበርበሬና ለሚጥሚጣ ብላችሁ ማስረዳት ስትጀምሩ ሻይ ይመጣል፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ካታካሊ የሚባለውን ትርኢት ልይ?

እዩ። የኬረላ ባህላዊ የጭፈራ ድራማ ነው። ዋናው ምስጢር ቀድሞ መሄድ ነው። ትርኢቱ ከቀኑ 12 ሰዓት ቢጀምር ተዋንያኑ ፊታቸውን የሚቀቡት ከ11 ሰዓት ጀምሮ ተመልካች ፊት ነው። ፊቱን አረንጓዴ የተቀባው ጀግናው ነው፤ ዓይንና ጣት ብቻ ነው የሚናገረው። ለእኔ ቅቡ ከትርኢቱ በለጠብኝ።

ባሕሩ ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

ፎርት ኮቺ ላይ አይሆንም፤ ማዕበሉም ቆሻሻውም አለ። በጀልባ ተሻግራችሁ ቫይፒን ደሴት ላይ ቼራይ የሚባል ረጅም አሸዋማ ዳርቻ አለ።

ብዙ ሰው ሀውስቦት ሀውስቦት ይላል። ይገባዋል?

ይገባዋል፣ ግን ኮቺን በአንድ ሌሊት አልፋችሁ አትሩጡለት። ለድሮው ከተማ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ስጡ። ጀልባዎቹ ያሉት ከኮቺ በስተደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አላፑዛ ነው። ድሮ ሩዝ ይጫንባቸው የነበሩ፣ ሳንቃቸው በኮኮናት ገመድ የተሰፋ ጀልባዎች ናቸው፤ አሁን መኝታ ቤትና ወጥ ቤት ተሠርቶላቸዋል። ሌሊት ሞተር ጠፍቶ ዳር ላይ ይቆማሉ። ጠዋት ስትነቁ ውሃው ዳር ሴቶች ድስት ሲያጥቡ፣ ልጆች በታንኳ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ታያላችሁ። ውሃው ላይ የተነጠፈው ሐምራዊ አበባ ያለው አረንጓዴ ነገር ሲያምር ፎቶ ልታነሱት ትነሳላችሁ። የባሕር ዳር ልጅ ግን አያነሳውም፤ እምቦጭ ነው።